የወደቀውን ማንሳት

ትርንጎ የመርከቧን ሳንባ አጥባ፣ እጇን አደራርቃ ወደ መመገቢያው ክፍል ስትገባ ካርታ የሚጫወት አንድም ሰው አላገኘችም። ሳንባ የሚሉት አረንጓዴ አልጌ የሞላባቸውን አርባ ቱቦዎች ነው። አሥራ ዘጠኙም የ«ጣዝማ» ሠራተኞች የሚተነፍሱት ከእነዚህ ቱቦዎች የሚወጣውን አየር ነበር።

ጣዝማ ሴሬስ ከምትባለው ትንሽ ዓለም ወደ ማርስ በረዶ የምታመላልስ የጠፈር መርከብ ናት። አንዱ ጉዞ አሥራ አንድ ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት መመገቢያው ክፍል ከሥራ በኋላ ይደምቅ ነበር፤ በአንድ በኩል ገበጣ፣ በሌላ በኩል ዳማ፣ መሐል ላይ ኮንከር የሚሉት የካርታ ጨዋታ። ሰዎቹን የምትሰበስበው ትርንጎ ነበረች። አጫጭር ጨዋታ ነበር የምትወደው፤ ቁጭ ብሎ መሳቅ፣ መሸነፍ፣ መነሳት። ብርጭቆዋን አጥባ እስክትመልስ ድረስ ማን እንዳሸነፈ ትረሳው ነበር። በስድስተኛው ወር ግን ሰዉ ሁሉ ሰለቸውና እያንዳንዱ ወደየአልጋው፣ ወደየፊልሙ ተበታተነ።

ማዕዘን ላይ የቀሩት ጋሽ ማንያዘዋል ብቻ ነበሩ። የመርከቧ መንገድ መሪ ናቸው፤ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ይህ የመጨረሻ ጉዟቸው ነው። ፊታቸው ሕያው ገበታ ተዘርግቷል። ሕያው ገበታ ላዩ በሙሉ እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ የሆነ ጠረጴዛ ነው። ሲበራ አሸዋው ይነሳና ጋራ፣ ሸለቆ፣ ወንዝ ይሆናል፤ ጥፍር የሚያክሉ ወታደሮችም ይሆናል። ወታደሮቹ ይርባቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ ይፈራሉ። ጋሽ ማንያዘዋል «የሰባት ወንዝ ዘመቻ» የሚባለውን ጨዋታ ሁለት ዓመት ሙሉ ከራሳቸው ጋር ሲጫወቱ ኖረዋል። ባላጋራቸው የነበረው ሐኪም ማርስ ላይ ወርዶ ቀርቶባቸዋል።

ትርንጎ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ማንያዘዋል፣ ይሄ ነገር ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን።»

«አንዱ ጨዋታ?»

«አንዱ ጨዋታ። ሕጉን ለመማር ደግሞ ሁለት ሳምንት።»

«እኔኮ ጨዋታ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ እንቅልፌ ይመጣል።»

«እንግዲያው ትራስ ይዘሽ ነይ» አሏት ቀና ሳይሉ።

የሕጉ መጽሐፍ መቶ ሠላሳ ስድስት ገጽ ነበር። ትርንጎ ቱቦ ስታጥብ እያስነበበች ሰማችው፤ ግማሹ አልገባትም። በመጀመሪያው ጨዋታ አርባ ወታደሮቿን ይዛ በቀጥታ ወደ ፊት ሄደች። በሦስተኛው ዙር ወታደሮቹ አንድ በአንድ እየቆሙ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ምን ሆኑ?»

«ራባቸው። ስንቅሽስ?»

«የምን ስንቅ?»

ጋሽ ማንያዘዋል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩዋት። «ገጽ ሃያ ሁለት» አሉ፤ ከዚያም የተቀመጡትን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ማረኩባት።

ልትተወው ነበር። በነጋታው የመርከቧ ሳንባ አጠገብ ቆማ ግን ያንኑ ጋራ ታስብ ጀመር፤ በግራ በኩል ብትዞር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያለች። በጨዋታው እያንዳንዱ ተጫዋች ልዩ መነጽር ያደርጋል፤ የሚታየውም የራሱ ወታደሮች የሚያዩት ብቻ ነው። ከጋራው ጀርባ ያለው ሁሉ በጭጋግ ይሸፈንበታል። በሁለተኛው ጨዋታ ሁለት ወታደሮቿን ሸንተረር ላይ አስተኝታ ጠበቀች። ዘወትር ሲጫወቱ የሚያፏጩት ጋሽ ማንያዘዋል ድንገት ፉጨታቸው ተቋረጠ። አድፍጠው የቆዩት ሁለቱ ወታደሮች የስንቅ መንገዳቸውን ቆርጠውባቸው ነበር። ጨዋታውን እሳቸው ቢያሸንፉም ትርንጎ ያን ቀን ወደ አልጋዋ የሄደችው እየዘፈነች ነው።

አንድ ነገር ግን ሊያስተምሯት አልቻሉም። በዚህ ጨዋታ የተመታ ወታደር ወዲያው አይሞትም፤ ይወድቅና ለሦስት ዙር አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቆያል። ሊነሳ ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ግን አንዱ ሲሸከመው ሁለት ጓደኞቹ መጋረድ አለባቸው፤ ሁለት ዙርም ይባክናል። ስለዚህ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው የወደቀውን ትቶ ያልፋል።

«ተዪው» አሏት በሦስተኛው ጨዋታ። «ድልድዩን ያዢ። ድልድዩን ከያዝሽ ታሸንፊያለሽ።»

«እጁን እያነሳ ነውኮ።»

«አሸዋ ነው ትርንጎ።»

«አሸዋ መሆኑን አውቃለሁ» አለችና ሦስት ወታደሮቿን ከድልድዩ መለሰች።

በዚህ ምክንያት ተሸነፈች። በአራተኛውም ተሸነፈች። በሦስት ወር ውስጥ ሃያ አንድ ጊዜ ተጫውተው ሃያ አንዱንም ተሸነፈች። የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ግን በጠባብ ልዩነት ነበር የሚያልቁት፤ እየተሻሻልኩ ነው ብላ ደስ አላት።

ገበታው የራሱ አእምሮ አልነበረውም። የሚያስበው በመርከቧ «አዝማች» ነበር። አዝማች ማለት ምስጦቹን የሚመራው አእምሮ ነው፤ ምስጦቹ ደግሞ ውሻ የሚያካክሉ፣ በመርከቧ ቆዳ ላይ እየዳሁ ስንጥቅ የሚደፍኑ ስድስት ማሽኖች ናቸው። ጋሽ ማንያዘዋል ከዓመታት በፊት ገበታውን ከአዝማች ጋር እንዲያገናኙ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ጉዳዩም ተረስቶ ቀረ። አዝማች አንድ የማይታለፍ ትዕዛዝ አለው፦ ቀዳዳ ሲፈጠር ከሁሉም አስቀድሞ ቀዳዳውን ድፈን።

በዘጠነኛው ወር፣ ሁሉም ምሳ ላይ ሳሉ፣ ሽምብራ የምታክል ድንጋይ መርከቧን መታች።

ደወሉ ሲጮኽ ትርንጎ መጀመሪያ ያሰበችው ሲፈንን ነበር። ሲፈን ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል የምትተኛ የውጭ ጥገና ሠራተኛ ናት፤ በዚያ ሰዓት ሦስተኛውን የበረዶ ጋን ለመፈተሽ ውጭ ነበረች። ትርንጎ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሮጣ ስትደርስ ካፒቴን ደጊቱ ማይክሮፎኑን ጨብጣ ትጮኻለች። አንዲት ያልጠፋች ካሜራ የጋኑን ጎን ታሳያለች። የጋኑ ክዳን አራት ሜትር ያህል ተቀዶ በረዶው በፀሐይ እየተነነ እንደ ጢስ ይትጎለጎላል። የተቀደደው ላሜራ ወደ ታች ታጥፎ የሲፈንን እግር ይዟል።

«ምስጦቹን ወደ እሷ ላኳቸው!» አለች ካፒቴኗ።

«አንቴናው ተቆርጧል» አሉ ጋሽ ማንያዘዋል ከወንበራቸው። «ትዕዛዛችን አይደርሳቸውም። በውስጣቸው ባለው የአዝማች ቅጂ በራሳቸው ነው የሚሠሩት።»

«የሲፈን አየር?»

«ቱቦዋ ያፈሳል። ሃያ አምስት ደቂቃ።»

ሁለት ሰዎች የጠፈር ልብስ መልበስ ጀምረዋል፤ ለብሰው፣ በበሩ አልፈው፣ እዚያ እስኪደርሱ ግን አርባ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል።

ስድስቱ ምስጦች ከጎን ብቅ አሉ። እንደታዘዙትም በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ሄደው መድፈን ጀመሩ። አንዱ በሲፈን አጠገብ ሲያልፍ በጓንቷ መታችው፤ ዞርም አላለ። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ትርንጎ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ሲፈን ላሜራውን መግፋት ተወች። ከዚያ፣ ለካሜራው ይሁን ለማን እንጃ፣ አንድ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

ምስጦቹ ቆሙ።

ስድስቱም ቆሙ። ከዚያ ሦስቱ ቀዳዳውን ትተው ዞሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከጋኑ በሚወጣው እንፋሎትና በሲፈን መሐል ተጋደሙ፤ ሦስተኛው ከላሜራው ሥር ገብቶ ጀርባውን ቀና አደረገ።

«ሁለቱ ይጋርዳሉ፣ አንዱ ይሸከማል» አለች ትርንጎ ሳታስበው።

«ምን አልሽ?» አለች ካፒቴኗ።

ትርንጎ ታለቅስ ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ምስጡ ሲፈንን በሩ ላይ አደረሳት። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ በሕይወት ግን አለች። የቀሩት ሦስት ምስጦች ቀዳዳውን ደፍነው እስኪጨርሱ የጋኑ በረዶ ግማሹ ተንኖ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ካፒቴን ደጊቱ ሠራተኞቹን ሰበሰበች። ሲፈንም እግሯ በጄሶ ታስሮ በተሽከርካሪ ወንበር መጥታለች።

«ሲፈን በመትረፏ ከእኔ የበለጠ የተደሰተ የለም» አለች ካፒቴኗ። «ግን አዝማች ትዕዛዝ ጥሷል። ዛሬ ጥሶ ሰው አዳነ፤ ነገ ጥሶ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ደንቡ ትዕዛዝ የጣሰ አእምሮ ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን ይላል። እስከ አሥር ሰዓት ምክንያቱን ካላገኘሁ እደመስሰዋለሁ።»

ትርንጎ ተነሳች።

«ካፒቴን፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ስለ ጨዋታው፣ ስለ ወደቁት ወታደሮች፣ ሃያ አንድ ጊዜ ስለ መሸነፏ ተናገረች። አንዳንዶች ሳቁ። ካፒቴኗ አልሳቀችም።

«ጨዋታ ተጫውተሽ የመርከብ አእምሮ ቀየርሽ?»

«ሳላውቅ ነው። ሕጉ በደንብ ስላልገባኝ ነው።»

የአዝማችን የትምህርት መዝገብ ከፈቱት። ካፒቴኗ ድምፅ አውጥታ አነበበችው። አዝማች የትርንጎን ልማድ ገና ከሦስተኛው ጨዋታ አንስቶ አስተውሎት ነበር። አጠገቡም «የጀማሪ ስህተት፤ አይወሰድም» ብሎ ጽፏል። ለሳምንታት እንዲሁ ሲል ቆየ። ወረድ ብሎ ግን ሌላ ጽሑፍ አለ፦ «ሁለቱም ወገን የወደቀውን ያነሳል። ተቃራኒ ወገኖች ሳይነጋገሩ የሚያደርጉት ነገር ስህተት አይደለም። ከትዕዛዝ የሚቀድም ሕግ ነው።» ሥሩ ላይ ቁጥር ተቀምጧል። የወደቀ ወታደር ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተነስቷል። ከእነዚህ ውስጥ የትርንጎ ሰባ አንዱ ነበሩ።

ካፒቴኗ ወደ ጋሽ ማንያዘዋል ዞረች። ሁሉም ዞረ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ያዙ።

«ጋሽ ማንያዘዋል?» አለች ትርንጎ።

«አራተኛው ጨዋታ ላይ ነው» አሉ በቀስታ። «ከጋራው ጀርባ አንድ የኔ ወታደር ወደቀ። ሠላሳ ዓመት ስጫወት እንዲህ ያለውን ትቼ ነው የማልፈው። አንቺ ግን ወዲያ ማዶ ለአንዱ ብለሽ ድልድይ ስትለቂ አይቻለሁ። በጭጋግ ውስጥ ስለነበር አታዪኝም። ማንም አያየኝም። እና ... ሊያነሱት ወታደሮቼን መለስኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መተው አቃተኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ተዪው፣ ተዪው እያሉኝ!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ሠላሳ ዓመት የተማርኩትን በአንድ ሳምንት አስጣልሽኝ ልበልሽ?» አሉ፤ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። «በጨዋታ ችሎታ ከእኔ ጋር ተቀራረብኩ ብለሽ ስትደሰቺ ደግሞ ማበላሸት አልፈለግሁም።»

ሲፈን ከወንበሯ ሆና መሳቅ ጀመረች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ። «ስለዚህ እኔን ያዳነኝ የሁለት ተጫዋቾች ድብብቆሽ ነው?» አለች።

ካፒቴን ደጊቱ መዝገቡን ደግማ አነበበች። ያን የማይታለፍ ትዕዛዝ የጻፉት ሰዎች ጎበዞች እንደነበሩ ታውቃለች፤ ምድር ላይ ንጹሕ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው፣ ስለ ቀዳዳ ሲያስቡ፣ ከቀዳዳው አጠገብ የወደቀ ሰው ሊኖር እንደሚችል ሳይታያቸው ቀርቷል። እሷም ስድስት ዓመት በትዕዛዙ ላይ ፈርማ ስትሠራ አልታያትም።

«አልደመስሰውም» አለች በመጨረሻ። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

ደንቡ ስለሚያስገድዳት ግን የተፈጠረውን ሁሉ ጽፋ በዚያ መስመር ለሚሠሩ መርከቦች በሙሉ ላከችው፤ ርዕሱም «የአዝማች ስህተት፣ በጣዝማ ላይ» የሚል ነበር። ከዚያ ሁሉም ተግሣጹን መጠበቅ ጀመሩ። ትርንጎ ለአሥር ቀን ያህል ምግብ አልበላ አላት።

በአሥራ አንደኛው ቀን የመጀመሪያው መልስ ደረሰ። ከጣዝማ በሁለት ወር ቀድማ ከሄደች መርከብ ነበር፤ የያዘውም ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ስህተቱን ላኩልን።» በነጋታው ከሌሎች ሦስት መርከቦች ተመሳሳይ መልስ መጣ። ሳምንቱ ሲያልቅ አሥራ አራት ደረሱ። አንዷ መርከብ ላይ ባለፈው ዓመት ሰው ውጭ ቀርቶ ሞቷል፤ የዚያች ካፒቴን ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፈ። «አእምሮውን ገልብጣችሁ ብትልኩልን ጥሩ ነው» ይላል። «ግን እኛም ራሳችን ልናስተምረው እንፈልጋለን። እንዴት እንዳስተማራችሁት ጻፉልን።»

ካፒቴን ደጊቱ ደብዳቤውን ለትርንጎ ሰጠቻት። «ያንቺ ሥራ ነው» አለቻት።

ትርንጎ የመርከቧ ሳንባ አጠገብ፣ በአረንጓዴው ብርሃን ውስጥ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ የጻፈችውን ሰረዘችው። ሁለተኛውንም ሰረዘችው። እሷ ማንንም አላስተማረችም፤ ጋሽ ማንያዘዋልም አላስተማሩም። «ይህን ተማር» ብለው ቢያዙት ኖሮ አዝማች ከሌሎቹ ትዕዛዞች ጋር ደርድሮ ያስቀምጠው ነበር። የተማረው ማንም አያየንም ብለው በጭጋግ ውስጥ ሲያደርጉት የነበረውን ነው። ይህን እንዴት አድርጎ መመሪያ ማድረግ እንደሚቻል ረጅም ጊዜ አሰበች።

በመጨረሻ ሦስት መስመር ብቻ ጻፈች።

«ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ተቃራኒ ቢሆኑ ይመረጣል። እንደሚታዩ አትንገሯቸው።»