በቃል የተነበበችው ድመት

ነፋሲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ከአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ በስተጀርባ ነው። ሱቁንና ቤቱን የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ፣ የስፌት መኪናው ሲንጣጣ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎችም አብረው ይንጫጫሉ። አባቷ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ ልብስ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። እናቷ ደግሞ ቁልፍ ትተክላለች።

ነፋሲት እውነተኛ ስሟ አይደለም። ያወጣላት አባቷ ነው። ልጅቷ ስትበላ ትቸኩላለች፣ ስትለብስ ትቸኩላለች፣ ስትጸልይ እንኳ "አሜን" የምትለው ከሁሉም ቀድማ ነው።

"ዛሬ ፊትሽን ታጥበሻል ወይስ በውኃው አጠገብ አልፈሻል?" ትላታለች እናቷ።

ሰባት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድም አላት። ጉንጮቹ ሙሉ ስለሆኑ ሰው ሁሉ ድንቡሼ ይለዋል። ድንቡሼ መዝሙር ያውቃል፣ ተረት ያውቃል፣ የሰው አረማመድ አስመስሎ ማሳቅም ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ አቃተው። ማንበብ!

አንድ ቀን የድንቡሼ አስተማሪ ቀሚስ ልታሳጥር ወደ ሱቁ መጣች። ልኳን ከሰጠች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አባትየውን፣ "ልጅዎ ጨዋ ነው፣ ጎበዝም ነው። ግን በዓመቱ መጨረሻ ማንበብ ካልቻለ ክፍሉን ይደግማል" አለች።

ድንቡሼ በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ራሱን ብቅ አደረገ።

"ጓደኞቼ ሁሉ አልፈው እኔ ብቻ ከትንንሾቹ ጋር ልቀር?" አለ።

በዚያው ሰሞን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በአውቶቡስ ወደ ሐይቅ ሊሄዱ ይዘጋጁ ነበር። ነፋሲት ሐይቅ አይታ አታውቅም። ሌላ ወሬ አልነበራትም።

አባቷ እንዲህ አላት፦ "ወንድምሽን ማንበብ አስተምሪው። አንድ ገጽ ያነበበልኝ ዕለት ጉዞውን እፈቅድልሻለሁ።"

"አንድ ገጽ ብቻ?"

"አንድ ገጽ ብቻ።"

ምዝገባው የሚያበቃው በሚመጣው እሑድ ነበር። ነፋሲት ወንድሟን እጁን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጠችው። የድመት ሥዕል ያለበትን ገጽ ገለጠች።

"ይህች ምንድን ናት?"

ድንቡሼ ፊደሏን ትክ ብሎ አያት። "እ... ሰ?"

"ለ ናት! ቀጥል! ይህችስ?"

"እ... እ..."

እያሰበ ነበር እኮ! ነፋሲት ግን መጠበቅ አትችልም። እሱ አፉን ሳይከፍት እሷ መልሱን ትናገራለች። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ።

"ተወው! ዝም ብለህ እኔ የምልህን በል። ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች።"

"ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች!"

"ከላይ ሆና ወተት አየች።"

"ከላይ ሆና ወተት አየች!"

መዝሙር የሚይዝ ልጅ ይህ ምን ያቅተዋል? ሳይመሽ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሸመደደው። ነፋሲት አንድ ነገር አየች። የወንድሟ ጣት ከመስመሩ መጨረሻ ደርሷል፣ አፉ ግን ገና መጀመሪያው ላይ ነው። አየችና ዝም አለች። ልጆች፣ ልብ አድርጉ፤ አላየሁም ማለት አትችልም።

"ጎበዝ! ማንበብ ችለሃል!" አለችው።

ቅዳሜ ድንቡሼ በአባቱ ፊት ቆመ። ገጹን በድመት ድምፅ ሳይቀር አንበለበለው። አባቱ የስፌት መኪናውን አቁሞ ብድግ አለ።

"ጎሽ! የኔ አንበሳ!"

እናቱ በደስታ መርፌው ጣቷን ሲወጋት እንኳ አልታወቃትም። ነፋሲት እሑድ ጠዋት ተመዘገበች። ያን ዕለት ሊበሉ ሲቀርቡ አባቷ ቆሞ ጸለየ፤ "ጌታ ሆይ፣ ልጃችንን ማንበብ ስላስቻልክልን እናመሰግንሃለን።" ሁሉም አሜን አሉ። ሁልጊዜ ቀዳሚዋ ነፋሲት ግን "አ..." ብላ ቀረች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ድንቡሼ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲደርሱ መድኃኒት ሻጩና ፀጉር አስተካካዩ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ማንበብ ችያለሁ!" አለ ድንቡሼ።

"ተው እንጂ! እስቲ ይህን አንብብልኝ" አሉት መድኃኒት ሻጩ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ትልቅ ጽሑፍ እያሳዩት።

ድንቡሼ ጣቱን ቀሰረ። ድምፁን አጠራ። "ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች!"

መድኃኒት ሻጩ ደንግጠው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ድመት የለችም።

"የኔንስ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ የራሱን ሱቅ ጽሑፍ እያሳየው።

"ከላይ ሆና ወተት አየች!"

"እሰይ! ወተት መሸጥ ጀምሬልሃለሁ በለኛ!"

በመንገዱ የሚያልፉት ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። ድንቡሼ ደስ ያላቸው መስሎት መጀመሪያ አብሮ ሳቀ። በኋላ አንዱ "ሚያው! አንባቢው ሚያው!" ብሎ ሲጮህ ሳቁ ጠፋ። ወደ እህቱ ዞረ።

"እኔ ማንበብ አልችልም እንዴ?"

ነፋሲት መሬት መሬት አየች።

"አንቺ እኮ ነሽ ችለሃል ያልሽኝ!" አለና ማልቀስ ጀመረ።

ነፋሲት እጁን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው። ለአባቷ ከተናገረች ሐይቁ ይቀራል። ዝም ካለች ደግሞ ወንድሟ እንዲህ እንደ ተሳቀበት የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይደርሳል። እስኪ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መጋረጃውን ገለጠች።

"አባዬ፣ ድንቡሼ አያነብም። በቃሉ አስይዤው ነው። አውቄ ነው ያደረግሁት።"

አባቷ መቀሱን አስቀመጠ። "ለምን?"

"ሐይቁን ለማየት ብዬ።"

አባቷ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ቀስ ብሎ ጠቀለለ። ቁጣው ይሻላት ነበር። "እኔስ ግድ የለም" አለ በመጨረሻ። "ያታለልሽው ግን እሱን ነው። በይ፣ ጉዞው ቀርቷል።"

እናቷ ዓይኗን ከምትተክለው ቁልፍ ሳታነሳ፣ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። አፍስሰሻል፤ ልቀሚ እንግዲህ" አለች።

ነፋሲት ወንድሟን ይቅርታ ጠየቀችው።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለ አፍንጫውን እየጠረገ። "ድመቷን ግን ደግሜ ላያት አልፈልግም!"

ስለዚህ ያለ ድመቷ ጀመሩ። ነፋሲት የጨርቅ ቁርጥራጮች ሰበሰበች። በአባቷ ጠመኔ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቃል ጻፈች። በባዶ ካርቶን ውስጥ ደባለቀቻቸው። ድንቡሼ ሳያይ እጁን ይሰድና አንዱን ያወጣል። ቃላቱ ተራ ስለሌላቸው በዜማ ሊያመልጥ አይችልም። እየተሳሳተም ቢሆን ፊደሎቹን ማየት ግድ ሆነበት።

የነፋሲት ሥራ ደግሞ መጠበቅ ነበር። እንዴት ያለ ከባድ ሥራ! መልሱ ምላሷ ላይ ደርሶ ይበላታል። እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። እሱ ሲሳሳት፣ "እስቲ እንደገና እያት" ትለዋለች እንጂ አትነግረውም። የሳታቸው ቃላት ወደ ካርቶኑ ይመለሳሉ። ያወቃቸውም ቢሆኑ በሌላ ቀን ተመልሰው ይወጣሉ፤ ዛሬ የገባን ነገር አድሮ ሹልክ ብሎ ሊጠፋ ይችላላ! አባታቸው አንድ ኮሌታ ሰፍቶ እስኪጨርስ ያጠናሉ። ከዚያ ወጥተው ይጫወታሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ኮሌታ።

አንዳንዴ አስተማሪው ድንቡሼ ይሆናል። የአባቱን ሜትር አንገቱ ላይ አድርጎ ይንጎራደዳል። ነፋሲት ሆን ብላ ትሳሳታለች።

"ቸኩለሻል!" ይላል ወገቡን ይዞ። "ደግመሽ እዪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!"

አንድ ቀን ድንቡሼ ሳያውቅ በደንበኛ ሱሪ መቀመጫ ላይ "በግ" ብሎ ጻፈ። አባቱ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቃሉን አነበበው። ትክክል ተጽፏል! ቁጣውን ትቶ እየሳቀ በብሩሽ አራገፈው።

ነፋሲትም የራሷን ትምህርት እንደዚሁ ማጥናት ጀመረች። ድሮ መጽሐፉን ገልጣ ደጋግማ እያየች "አውቄዋለሁ" ትል ነበር። አሁን ትዘጋውና ራሷን ትጠይቃለች። መጀመሪያ ቀን ምን ያህሉን እንዳላወቀች ስታይ ራሷን ያዘች!

አውቶቡሱ ወደ ሐይቁ የሄደ ዕለት ነፋሲት በር ላይ ቆማ ለጓደኞቿ እጇን አውለበለበች። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ገብታ ካርቶኑን አወጣች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ነፋሲት ከክፍሉ መስኮት ውጭ ቆመች። አስተማሪዋ ድንቡሼ አይቶት የማያውቅ ገጽ ገለጠችለት። እየተንቀራፈፈ ጀመረ። አንድ መስመር ጨረሰ። ሁለተኛው ላይ አንድ ረጅም ቃል መንገድ ዘጋበት። ነፋሲት ቃሉ የቱ እንደሆነ ባታይም እጇን አፏ ላይ ጫነች። አስተማሪዋ አዘነችለትና ልትነግረው ጎንበስ አለች።

"ቲቸር፣ እንዳይነግሩኝ!" አለ ድንቡሼ። "እየመጣልኝ ነው።"

ጣቱን ከፊደል ወደ ፊደል አስኬደ።

"ተን... ሸ... ራ... ተንሸራተተች!"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ገጹን ጨረሰ። ሲስቁበት የነበሩት ልጆች አጨበጨቡለት።

"አልፈሃል!" አለች አስተማሪዋ። "ማን አስተማረህ?"

"እህቴ ናት" አለ ድንቡሼ። "መጀመሪያ አታላኝ ነበር። በኋላ ግን አርፋ አስተማረችኝ።"

ነፋሲት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ሐይቁ ትዝም አላላት።

ልጆቼ፣ ሳይገባን የሸመደድነው ለአንድ ቀን ያስጨበጭብልናል፤ እየተሳሳትን፣ እየደጋገምን፣ በእውነት የተማርነው ግን የራሳችን ሆኖ ይቀራል።