ክር የተጠመጠመበት ቀለበት

ኤደን እሸቴ በሁዳዴው አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አልጋዋ ላይ ሞታ ስትገኝ እናቷ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እሪ ማለት አልነበረም፤ የሰገነቱን መስኮቶች መዝጋት ነበር። ወይዘሮ የሺ ከሐዘን ይልቅ ሐሜት የሚፈሩ ሴት ናቸው። ነገር ግን ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ሠፈሩ ሲፈርስ የተረፈው አሮጌ የእንጨት ቤታቸው ግድግዳው ወሬ አያግድም። ጎረቤት ደውሎ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ሠፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ልጅቷ አርግዛለች፤ እጮኛዋ ክዷታል፤ አባቷ ወርቅ ሠሪው አቶ እሸቴ ማታ «እገድልሻለሁ» ሲሉ ተሰምተዋል። ምሳር ይበዛበታል የወደቀ ግንድ ይባል የለ? የልጅቷ ገላ ሳይቀዘቅዝ ስሟን ከትፈው ጨረሱት።

ኢንስፔክተር ደብሪቱ ደረጃውን እያቃሰተች ወጣች፤ ደረጃውም አብሯት አቃሰተ። የአራዳ ልጆች ከኋላዋ «ቦቴ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት የሚደፍር ግን የለም። ስለ ሰውነቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ያልተባለችው ነገር ስለሌለ፣ ሰው ስለ ሌላ ሰው ሰውነት የሚያወራውን አታምንም። ዓይኗን ብቻ ነው የምታምነው።

«ያው ግልጽ ነው» አለ ረዳቷ ሳጅን አብዱልሃኪም፣ አንሶላው እንደተገለጠ። «ሆዷን ይመልከቱ። አምስት ስድስት ወር ይሆናታል።»

«ሆዷንስ አየሁት። አንተ ክንዷን እይ።»

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። ክንዶቿና እግሮቿ ከስተዋል፤ እዚህም እዚያም በልዘዋል። ፊቷ ግን ክብ ብሎ አብጧል፤ ጉንጮቿ ዓይኖቿን ሊውጧቸው ደርሰዋል። አገጯ ላይ ስስ ጥቁር ፀጉር አለ። ሆዷን ጣት የሚያህሉ ሐምራዊ መስመሮች ሸንትረውታል። አልጋው ሥር ያስመለሰችበት ሳፋ ተቀምጧል።

ደብሪቱ የሟቿን ግራ እጅ አነሣችና የቃል ኪዳን ቀለበቱን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ቀለበቱ በውስጥ በኩል ነጭ የስፌት ክር ተጠምጥሞበታል።

«እርጉዝ ሴት ጣቷ ያብጣል፤ ቀለበት ይጠብባታል። ይቺ ሰፍቷት በክር ነው ያጠበበችው። ያውም የወርቅ ሠሪ ልጅ!» አለች።

ከዚያ ትራሱን ዳበሰችው። ከትራሱ ልብስ ውስጥ የቫይታሚን ጠርሙስ ወጣ። ደብሪቱ ክዳኑን ከፍታ አየች፣ ዘጋችና ኪሷ ከተተችው።

አቶ እሸቴ ሳሎን ውስጥ ቆመው ጠበቋት። ስትገባ ተቀመጪ አላሏትም።

«ማታ ምን ብለዋት ነበር?»

«ካረገዝሽ እገድልሻለሁ አልኳት። ከሳምንት በፊት ሐኪም ቤት ወስጄ አስመረምራታለሁ ብዬ ነበር። የጀመረችውን ጸበል ትጨርስ ብለው እነ የሺ አስቆሙኝ። ማታ ስታስመልስ ሳያት ደሜ ፈላ። አባት ነኝ! አንቺ ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

«ዝም እንድል አይደለም የቀጠሩኝ፣ አቶ እሸቴ። ስታስመልስ አይተው ሐኪም ጠሩ?»

ሰውየው ጥለዋት ወደ ጓዳ ገቡ። ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«የጠጣችው ጸበልና ፌጦ በሎሚ ብቻ ነው። ፌጦውን እኔ ነኝ በጥብጬ የሰጠኋት፤ ለሆዷ ብዬ። አሁን እሱም መርዝ ሊባል ነው?»

«መርዝ አላልኩም። ክኒን ትወስድ ነበር?»

«ቫይታሚን። የእጮኛዋ የሚኪያስ ቤተሰቦች ‹ልጅቷ ከሲታ ናት› ሲሉ ጊዜ፣ ለሠርጓ ሰውነት ታብጅ ተብሎ ከጥቅምት ጀምሮ ትወስድ ነበር። መጀመሪያማ አማረባት። ያየ ሁሉ ወፈርሽ፣ ተመቸሽ ይላት ነበር። ኋላ ነው ነገሩ ወደ ሆዷ የሄደው። የወር አበባዋም ቀረ።»

«እስከ ትናንት ትወስደው ነበር?»

«ጸበሉን ስትጀምር ተወችው። ጸበልና ክኒን አይቀላቀልም ብለዋል የንስሐ አባታችን፣ ቄስ ሐድጉ።»

ደብሪቱ ከብፌው ጀርባ ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረ ፎቶ አየችና አውጥታ አዞረችው። ፊቷ እንደ ሙሉ ጨረቃ የከበበ ልጅ የምረቃ ጋዋን ለብሳለች፤ አትስቅም።

«ኤደን ስትመረቅ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ እንቁ ናት፣ ትልቋ ልጄ» አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ፎቶውን ከእጇ እየቀሙ። «ያኔ ታማ ነበር። የማያምር ፎቶ ነው።»

በዚህ መካከል እጮኛው ሚኪያስ ገባ። ቸርችል ጎዳና ላይ ቢሮ ያለው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። ገና በሩን ሳያልፍ «ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ፤ ልጁ የእኔ አይደለም!» አለ።

«የሞተችውስ ያንተ ነበረች?» አለች ደብሪቱ።

ሚኪያስ ፊቱ ቀላ። «እጄን አንስቻለሁ። ቀለበቱን ልትመልስ ነበር። ሽማግሌ ያስገባሁት ለንጹሕ ልጅ ነው።»

«ትልቋ እያለች፣ ከዚህ ቤት የመጀመሪያ ምርጫህ ኤደን ነበረች?»

ወጣቱ ወደ ወይዘሮ የሺ ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ። «እንቁን ትንሽ አውቃት ነበር። ቤተሰቤ አልፈቀዱም። ያኔ ድንገት ወፍራ ስለነበር ሰው ክፉ ነገር አወራ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። አንተ ምንም አለማድረግ ታውቅበታለህ።»

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን ምርመራው ሐኪም ደብሪቱን ቢሮው ጠራት። ፊቱ ላይ ድካም ይነበባል።

«እርጉዝ አይደለችም፤ ሆና አታውቅም» አለ። «መርዝም የለም። ከኩላሊት በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰውነት ሲታመም፣ ሲጾም፣ ሲደነግጥ ደግፎ የሚያቆመው ሆርሞን የሚመነጨው ከነሱ ነው። የሷ ኮስምነው ጠውልገዋል።»

«ምን ያጠወልጋቸዋል?»

«በብዛት የማየው ክኒን ነው። ያንኑ ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት አለ፤ ፕሬድኒሶሎንና ወንድሞቹ። በሐኪም እጅ ስንቱን ያድናል። ያለ ሐኪም ለወራት በብዛት ሲወሰድ ግን ፊት ያሳብጣል፣ ሆድ ያገዝፋል፣ እጅና እግር ያከሳል፣ ቆዳ ይሸነትራል፣ ጠጉር ያበቅላል፣ የወር አበባ ያዛባል። ዕጢዎቹም ሌላ ሠራተኛ መጣ ብለው ያንቀላፋሉ።»

«ክኒኑን ድንገት ቢያቆሙትስ?»

«ዕጢው ተኝቷል፣ ክኒኑም የለም። ታስመልሳለች፣ ትዝላለች፣ የደም ግፊቷ ይወርዳል። በዚያ ላይ ጾም። ቶሎ ሐኪም ጋ ብትደርስ በአንድ መርፌ ትተርፍ ነበር።»

ደብሪቱ ጠርሙሱን አውጥታ ዘረገፈችው። ስያሜው ላይ ትልልቅ ብርቱካናማ የቫይታሚን ክኒኖች ተሥለዋል። የተዘረገፉት ግን ትንንሽ፣ ነጫጭ፣ መሐላቸው ላይ መስመር ያላቸው ነበሩ። ሐኪሙ አንዱን አንሥቶ አየና «ይኸው፣ ራሱ ነው» አለ።

ዓርብ ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ ደብሪቱ ወደ ቤቱ ተመለሰች። በሩን የከፈተችው እንቁ ናት፤ ቀጭን፣ ጥቁር የለበሰች፣ ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ ያበጡ።

«ደግሞ መጣችሁ?» አለች። «እህቴን የገደላት የሚኪያስ ምላስ ነው። ሂዱና እሱን እሰሩት።»

«ምላስ ቢታሰር ኖሮ የአራዳ እስር ቤት ባልበቃ ነበር። ቫይታሚኑን ማን ገዛላት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ራሷ ናት። ጠርሙሱን ግን አላገኘሁትም።»

«ፈልገሽው ነበር?»

እንቁ ጣቶቿን አሸት አሸት አደረገችና ከቦርሳዋ አንድ ክኒን አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ሃይላንድ ጸበል በብርጭቆ ቀድታ አማተበችና ክኒኑን በጸበሉ ዋጠችው።

«አመመሽ እንዴ?» አለች ደብሪቱ ለስለስ ብላ።

«የመገጣጠሚያ በሽታ ነው። የቆየ ነው።»

ደብሪቱ ወጣች። ደረጃው ሥር ለሳጅኑ «ቄስ ሐድጉ ዘንድ እንሂድ» አለችው። ቄሱ ጥያቄዋን ሲሰሙ ተቆጡ።

«ክኒን ከልክለዋል? ማነው ከልካዩ? መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ እግዚአብሔር ነው፤ ክኒናችሁን በጸበሉ ዋጡ እያልኩ ዓመት ሙሉ እጮሃለሁ! ደግሞስ ከዚያ ቤት ማን መጥቶ ጠየቀኝ?»

በሠልስቱ ቀን ለቅሶ ደራሹ ከወጣ በኋላ ደብሪቱ አምስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ አባት፣ እናት፣ እንቁ፣ ሚኪያስና ቄስ ሐድጉ። ሳጅን አብዱልሃኪም በሩ ላይ ቆመ።

«በሐዘን ቤት ይህ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?» አሉ አቶ እሸቴ። «ልጄን ቀብሬያለሁ፤ ውርደቴንም አብሬ ቀብሬዋለሁ። ተይን!»

«ውርደት አልነበረም» አለች ደብሪቱ። «ልጅዎ አላረገዘችም።»

ወይዘሮ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሚኪያስ ጫማውን አቀርቅሮ ማየት ጀመረ።

«ሁላችሁም ሆዷን አያችሁ። ክንዷን ያየ የለም። ፊቷ ሲያብጥ፣ አገጯ ሲጠቁር፣ የወር አበባዋ ሲቀር ‹ምን ሆነሽ ነው?› ያላት የለም፤ ‹የማን ነው?› ነው ያላችኋት። ይህን ሁሉ ያመጣው ይህ ነው።» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እንቁ ዓይኗን ከጠርሙሱ መንቀል አቃታት። «ውስጡ ያለው ቫይታሚን አይደለም፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ክኒን ነው። አንድ ሰው የጠርሙሱን ክኒን ለውጦ ለወራት አጎረሳት። ማን? ይህ ክኒን ሴትን ምን እንደሚያስመስላት ያየ ሰው። በመጀመሪያ ቀን እዚህ አንድ ፎቶ አይቼ ኤደን መሰለችኝ። እንቁ ነበረች። እህትማማቾች ስለሆኑ አይደለም የተመሳሰሉት፤ ሁለቱንም ያንን ፊት የሰጣቸው አንድ ክኒን ነው።»

«ታማ ነበር አልኩሽ እኮ!» ጮኹ ወይዘሮ የሺ።

«ታማ ነበር፤ ሐኪሟ በትክክል ነው ያከማት። አሁን የምትወስደው ጥቂት ስለሆነ ፊቷ ተመልሷል። ዛሬ ጠዋት አነጋግሬዋለሁ። ‹ድንገት አታቋርጪ፣ ትሞቻለሽ› ብሎ ደጋግሞ ነግሯታል። እንግዲህ አባት ኤደንን አስመረምራለሁ አሉ። ብትመረመር ክኒኑ ሊታወቅ ነው። በዚያው ሰሞን ‹ጸበልና ክኒን አይቀላቀልም› የሚል ቃል እዚህ ቤት ገባ። ወይዘሮ የሺ፣ ቄስ ሐድጉ በአፋቸው ነገሩዎት?»

ወይዘሮ የሺ ቄሱን፣ ከዚያ ትልቋን ልጃቸውን አዩ። «እንቁ ናት… ጠይቄ መጣሁ ያለችኝ።»

«በስመ አብ!» አሉ ቄሱ። «እኔን የጠየቀ የለም።»

«እንቁ ቃሉን ብታምንበት ኖሮ ተሳሳተች ባልን ነበር። ግን ዓርብ ዕለት የራሷን ክኒን ፊቴ በጸበል ዋጠችው። እንደማይከለከል ታውቃለች፤ ማቋረጥ እንደሚገድልም ታውቃለች። ለራሷ አላቋረጠችም። ኤደን ደግሞ የእህቷን ቃል አምና ክኒኑን ተወችው፤ ጸበሉን ስትጨርስ ልትቀጥል ጠርሙሱን ትራሷ ውስጥ ደበቀችው።»

እንቁ ተነሣች። አላለቀሰችም።

«መልኬን ነው የሰጠኋት» አለች። «የእኔን መልክ! ስታመም ፊቴ አበጠ፣ ጺም አበቀልኩ። አባዬ ‹የማን ነው?› አለኝ። እማዬ ጎረቤት እንዳያየኝ መስኮት ዘጋችብኝ። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጥሎኝ ሄደና ለእህቴ ሽማግሌ ላከ፤ እናንተም መርቃችሁ ሰጣችሁት። ታላቅ ቁጭ ብላ! እሷም ትየው አልኩ። እኔን የሆንኩትን ትሁን አልኩ።»

«ማሳበጡ በቀል ነው እንበል» አለች ደብሪቱ። «ማስቆሙስ?»

ሳጅኑ ክንዷን ሲይዝ እንቁ ወደ አባቷ ዞረች። «የእኔንም ክንድ አላየሁም በል፣ አባዬ» አለች። ሳጅኑ ይዟት ወረደ። ደረጃው ከእርምጃቸው ጋር ሲንቋቋ ይሰማ ነበር።

ደብሪቱ ከኪሷ ትንሽ ፖስታ አውጥታ ቀለበቱን አቶ እሸቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች። «አባቷ ወርቅ ሠሪ ሆኖ ለምን በክር አጠበበችው?»

አቶ እሸቴ ቀለበቱን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ሱቅ መጥታ ነበር» አሉ። «ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችውና ‹አባዬ፣ አስተካክልልኝ› አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«አላሰፋልሽም አልኳት። ወፍራ ጠቧት መሰለኝ። ጣቷን ቀና ብዬ ባየው ኖሮ… አላየሁትም።»

ክሩን ሊፈቱት ሞከሩ። ዕድሜ ልካቸውን ከወርቅ ጋር የኖሩት ጣቶች እምቢ አሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ የሺ ከሶፋው ተነሡ፤ የሰገነቱን መስኮቶች አንድ በአንድ ወለል አድርገው ከፈቱና፣ ፒያሳ ሁሉ እየሰማ፣ ለሁለቱም ልጆቻቸው እሪ አሉ።