በእስክሪብቶ ያሰመርኩባት ልጅ

ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ አልቀየማችሁም። እኔ ግን የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ። ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰው ልጅ ዕድገትና የቤተሰብ ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሥራችን ሰው ቤት ሄዶ የቤተሰቡን ካርታ መሣል ነው። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ። የሞተ ሰው ላይ ኤክስ ይደረጋል።

የደረሰችኝ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ብቻዋን ነው የምትኖረው።

"ልጆች አሉሽ እትዬ?"

"አንዲት። አምስት ዓመቷ... ነበር።"

ነበር ስትል ገባኝ። አንገቴን ደፍቼ ክቧን ሣልኩ፤ ላይዋ ላይ ኤክስ አደረግሁ።

"እሱ ምንድነው?"

ነገርኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

"አጥፊው" አለች በሹክሹክታ። "በሞቴ... አጥፊው።"

ደንቡ አይፈቅድም። ግን አንጀቴን በላችው። በላጲስ አጠፋሁት።

ያኔ ጓዳ ውስጥ... ትንሽ ልጅ አስነጠሰች።

"ይማርሽ" አለች እናትየዋ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ስልክ ቁጥሬን ሰጥቻት ስወጣ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ሁለት ትናንሽ እግሮች አየሁ። ካልሲ ያለው አንዱ ብቻ ነው።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በሳምንቱ መምህራችን ወረቀቴን አየ። "ሞታለች ብለሽ ጽፈሽ ምልክቱ የታለ? በይ በእስክሪብቶ አስተካክዪ" አለኝ። እኔ ደግሞ ውጤት ስወድ ለጉድ ነው። እዚያው ቆሜ አሰመርኩት።

ስልኬ ጠራ።

"ምን... አደረግሽ?"

እናትየዋ ናት።

"ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነበር እኮ... አሁን..."

ስልኩ ተዘጋ።

ወረቀቱን ብጭቅጭቅ አድርጌ ቀደድኩት። ከዚያ በሩጫ ሄድኩ።

በሩ ክፍት ነው። ማበጠሪያዋን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጓዳው ጭር ብሏል። አልተቆጣችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ቀድጄዋለሁ እትዬ... አልተመለሰችም?"

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"ልጅ ሁለት ጊዜ ይሞታል እንዴ?" አለችኝ።

ተጠጋኋት።

እጄን ያዘችና አጠገቧ አንሶላው ላይ አስቀመጠችው። ሙቅ ነው።

"እዚህ ነበር የተቀመጠችው። እስኪበርድ... አብረሽኝ ቆዪ።"

መዳፋችንን ሳናነሳ አብረን አለቀስን። ፀሐይዋ ጠለቀች። አንሶላው አልበረደም።

ከእጃችን ሥር ብቻውን ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ ይል ነበር።