የማኅበሩ ተራ

መስታወትን ያንገበገባት «ቅሪ» መባሏ አልነበረም። እንደዚያ ያላት ሰው የለም፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው። ቤተሰቡ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሊሄድ በተነሣ ቁጥር የሆነ ነገር ይመጣል፤ ላም ትወልዳለች፣ ወይ እህል ይደርሳል። ያኔ እናቷ ወገቧን ይዛ መደብ ላይ ቁጭ ትልና «እንግዲያው እኔ ልቅርላችሁ፣ ምን አደርጋለሁ» ትላለች። አባቷ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ መስታወት አላስችል ይላትና «ተይ እማዬ፣ እኔ እቀራለሁ» ትላለች። «ተባረኪ!» ብለዋት ይሄዳሉ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። የመጀመሪያው ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ዐሥራ አምስት ሞላት። አንድ ቀን እንኳ «ኧረ አንቺም ነይ» ያላት የለም።

አሁን ደግሞ አራተኛው ነው። የአጋማሽ ዓመቱ ፈተና ትናንት አለቀ፤ ውድማውም ባለፈው ሳምንት ነው የተጠረገው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ አጥንቱ ዝሏል። አባቷ አወቀ የግድግዳውን ካላንደር አውርዶ ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።

«ቅዳሜ፣ ጥር ዐሥራ ስምንት እንነሣለን» አለ። «ሐሙስ ብንነሣ ማግስቱ ዐርብ ነው፤ ተናኘወርቅ ጾም ነው ብላ በሽሮ ታስተናግደናለች።»

«እህትህን ልታይ ነው ወይስ ሥጋዋን?» አለች እናቷ እመቤት።

«ሁለቱንም። ከመሐል ሜዳ እስከዚያ ድረስ ወገቤ ተንገላትቶ ሽሮ ልበላ ነው?»

የአራተኛ ክፍል ተማሪው ወንድሟ አበጀ በደስታ አላስቀምጥ ብሎታል። «እኔ ሊፍት ላይ ነው የምወጣው! ዐሥር ጊዜ!»

«ፋራ፣ እዚያ የሚሰለፈው ሰው ይረግጥሃል» አለችው መስታወት።

«አንቺ ራስሽ ፋራ! ደብረ ብርሃንን እንኳ አላየሽም።»

እውነቱን ነው።

እመቤት ይዘው የሚሄዱትን ስትቆጥር፣ ቅቤውን፣ የገብስ ቆሎውን፣ ለተናኘወርቅ የተሠራውን የሱፍ ባና፣ በድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በሞትኩት! ሃያ አንድ!»

«ምን ሆንሽ?» አለ አወቀ።

«ማኅበሩ! ምንዳዬ አራስ ናት ብዬ ተራዋን ተቀብዬላት የለም እንዴ? ጽዋው እዚሁ ቤት ነው። አስተርእዮ ማርያምን የምደግሰው እኔ ነኝ!»

ማኅበርተኛ ዐሥራ ሁለት ነው፤ ቄሱ ሲጨመሩ ዐሥራ ሦስት። ጠላ መጠመቅ አለበት፣ ዳቦ መደፋት አለበት። ጽዋ ተቀብሎ ቤት ዘግቶ መሄድ ደግሞ ማንም ያላደረገው ነው። እመቤት ቀስ ብላ ወገቧን ይዛ ተቀመጠች።

«እንግዲያው እኔ ልቅርላችሁ» አለች።

አወቀ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። «እኔ እቀራለሁ» የምትለው ያቺ የተለመደች ቃል መስታወት አፍ ላይ ደረሰች። ዋጠቻት። ነጠላዋን አነሣችና ወጣች።

የማኅበሩ ሙሴ እትዬ በዛወርቅ ናቸው፤ ተራ የሚያስከብሩት፣ ያረፈደን የሚገሥጹት። ደጃፋቸው ላይ የበግ ጠጉር ሲፈትሉ አገኘቻቸው።

«ማን ሞተ?» አሉ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ።

«ማንም አልሞተ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

«የማኅበሩን ተራ እንዲለውጡልን ልለምንዎት ነው። ለሃያ አንድ መንገደኞች ነን።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

እንዝርቱ ቆመ። «እናትሽ አፍ የላትም?»

«አላት። ደክሟት ነው።»

«አንቺስ?»

መስታወት ለዚህ አልተዘጋጀችም። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ትዝ አላላትም። «እኔም ደክሞኛል፣ እትዬ» አለች።

አሮጊቷ ፊቷን አዩና እንዝርቱን መልሰው አሽከረከሩት። «አዲስ አበባን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ሰባ ዓመት አለፈኝ። የቀረብኝ ነገር ካለ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።» «የየካቲት ተረኛ እኔ ነኝ። ለጥምቀት ከጠመቅሁት አንድ ጋን ሙሉ ጠላ ተርፎኛል። አስተርእዮን እኔ ልደግስ፤ የካቲትን እመቤት ትደግስ። ግን ዛሬውኑ ንገሪያት። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከእኔ አፍ እንዳትሰማው።»

መስታወት ስትመለስ ጎረቤታቸው ምንዳዬ ቤት ጎራ አለች። ላሞቹን ባሏ ጠዋትና ማታ ሊያይላቸው ተስማማ፤ ምንዳዬም ሕፃኑን እንዳቀፈች «ውለታችሁ አለብኝ» አለች። ነገሩ ሁሉ አለቀ። የቀረው እናቷ ናት።

መንገድ ላይ ቀላሉ ነገር መጣላት። «እትዬ በዛወርቅ ራሳቸው እንለዋወጥ አሉ» ብትልስ? እናቷ አታፍርም፤ እሷም አትሰደብም። በር እስክትደርስ ቃሉን እያገላበጠች መጣች።

እመቤት ደጁ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ጌሾ ስትለቅም ነበር፤ ብቻዋን ልትደግስ ጀምራለች። ጣቶቿ በውርጩ ተሰነጣጥቀዋል። መስታወት ያንን ስታይ ውሸቱ አልወጣ አላት።

«እማዬ፣ ተራውን አስለወጥሁት። እትዬ በዛወርቅ ዘንድ ሄጄ ለመንኋቸው።»

«ማን ልኮሽ?»

«ማንም።»

«እመቤት ጽዋ ተቀብላ ከበዳት ሊሉኝ ነው!» ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው። «ልጅ ልካ አስለመነች ሊሉኝ ነው! ያሳደግሁሽ ለዚህ ነው?»

«አልላክሽኝም፤ ለሁሉም እናገራለሁ። እኔ ግን ከእንግዲህ ወዲህ በፈቃዴ አልቀርም። ሦስት ጊዜ ቀርቻለሁ፣ እማዬ።»

«ቅሪ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አላልሽኝም። ነይም ብለሽኝ አታውቂም።»

እመቤት ጌሾውን አየች፣ እጇን አየች። ከውስጥ የአወቀ ስልክ ጮኸ።

«አቤት … አዎ፣ ቅዳሜ ጠዋት» ይላል አወቀ። ቀጥሎ ራሱን በበሩ ብቅ አደረገ። «የሚኒባሱ ረዳት ነው። ስንት ቦታ ልያዝላችሁ ይላል።»

እንደ ወትሮው ሚስቱን ነበር የሚያየው። እመቤት አቀርቅራለች።

«አራት» አለች መስታወት።

አወቀ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። እመቤት ቀና አላለችም፤ ቃሏንም አላረመችባትም።

«አራት ነው» አለ አወቀ ለረዳቱ።

መስታወት ጎንበስ ብላ ሰፌዱን ከእናቷ ፊት አነሣችና ጌሾውን ወደ ስልቻው መለሰችው።