የአውሮፕላኗ ቀኝ

አብራሪው መሪውን እንደጨበጠ ነው የሞተው። ነጋዴና ዕቃ የምታመላልሰው ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ጠዋት ተነስታ ጉም ውስጥ ገባች፤ ከኮረብታው ጀርባም ወደቀች። ስትወድቅ ያየ የለም።

መርማሪዋ ስብርባሪውን ስታገላብጥ በግራው ሞተር ነዳጅ ውስጥ ውሃ አገኘች። የቀኙ ንጹህ ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም።

የሟች እናት በአውሮፕላን መጠለያው፣ በሃንጋሩ በር ላይ ያዘቻት። «ልጄ፣ ገዳዩን ብቻ አሳይኝ። ከእንግዲህ ታናሽ ወንድሙን እያየሁ እኖራለሁ።»

«አሳይዎታለሁ፣ እማማ» አለች። ምነው ምላሷን በቆረጠው!

መካኒኩ ገና ስትጠይቀው ተቆጣ። «ማታ ሁለቱንም ሞተር አስነስቼ ፈትሻለሁ፤ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠሩት!»

ባለ አውሮፕላኑ ላቡን ጠረገ። «እኔ ራሴ አብሬው ልሄድ ነበር እኮ! ዕቃው ሲበዛ ነው የወረድኩት። የራሴን መቃብር እቆፍራለሁ?»

ዕቃውን በመኪና ያመጣው የሟች ታናሽ ወንድም ደረቱን ደቃ። «የቀኙ ሞተር ባይጠፋበት ወንድሜን ጉም አይጥለውም ነበር!»

ወይ ጉድ! መርማሪዋ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

በማግስቱ እናትየውንም ጨምራ ሁሉንም ሃንጋሩ ውስጥ በቆመች ሌላ አውሮፕላን ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ቀኙ ሞተር የቱ ነው?»

መካኒኩና ባለ አውሮፕላኑ ወደ አንዱ ክንፍ ጠቆሙ። ታናሽየው በቀኝ እጁ በኩል ወዳለው፣ ወደ ሌላኛው።

«በዚህ ሥራ ግራና ቀኝ የሚባለው ከአብራሪው ወንበር ታይቶ ነው» አለች። «ከፊት ለቆመ ሰው ይገለበጣል። አንድ ሞተር መጥፋቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ አንተ ግን አወቅህ። ‹ቀኝ› ያልከውም ከፊቷ ቆመህ ነዳጁ ውስጥ ውሃ ስትጨምር በቀኝህ ስለነበረ ነው። የጠፋው ግራው ነው።»

ታናሽየው ተንበረከከ። «እንዳይሄድ ብዬ ነው! በዚህ ጉም አትብረር ብዬ ለመንኩት፣ ሳቀብኝ። ሞተሩ እምቢ ሲለው ይቀራል ብዬ…»

«ውሃ እኮ ከታች ይተኛል» አለ መካኒኩ ቀስ ብሎ። «ቧንቧው ውስጥ የቀረው ነዳጅ አስነሳት፤ እሱ ሲያልቅ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ገባ። ከዚያ ያን ሁሉ ዕቃ በአንድ ሞተር…»

እናትየው ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«እኔ ገዳዩን አሳይኝ አልኩሽ እንጂ፣ ልጄን ውሰጂ መች አልኩሽ?»

መርማሪዋ በር ላይ የቆሙትን ፖሊሶች ጠራች። ፖሊሶቹ የእናትየውን ጣቶች ከልጇ ክንድ ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ።