አትቀስቅሱት

ሽብሩን የተዋወቅሁት ጉሮሮዬን ሲያንቀኝ ነው። አትሳቁ። ሰው ገበያ ላይ ይተያያል፣ መዘምራን መሃል ይተያያል፤ እኔ ግን ሆሳዕና ውስጥ በድሬሰርነት በምሠራበት ክሊኒክ ቁስሉን ሳጥብለት «ሞርፊን ስጪኝ» ብሎ አነቀኝ።

የደርግ ጊዜ ነው። ሰሜን ጦር ግንባር ፈንጂ እግሩን አበላሽቶት ነበር የተመለሰው። ሆስፒታል ለሕመሙ የወጉት ይኸው ማስታገሻ ሱስ ሆኖ አልለቅህ አለው። መናኸሪያው አጠገብ ዋለ የሚባል፣ ከሠራዊቱ የተባረረ ሰው የሞርፊን ብልቃጥ በድብቅ ይሸጥለታል።

እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ በመቀስ እጁን ወጋሁት። ደሙን አየና ለቀቀኝ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ሰው ልገድል ነበር። እሰሩኝ» አለ።

ቀና ብሎ ሲያየኝ አንጀቴን በላው።

እኔና እናቱ እሳቸው ቤት ከምሰሶው ጋር አሰርነው። አላበው፣ አስመለሰው፣ ረገመኝ፣ እጄን ነክሶ አደማኝ። ሲበርድለት የነከሰውን እጄን ይዞ ዝም ይላል። እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው የወደድኩት።

ወራት አለፉ፤ ዳነ ብለን ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን። ሽማግሌዎቹ ዳምቦያ ወደሚገኘው አባቴ ቤት በሚሄዱበት ቀን እኔም ቀድሜ ልሳፈር መናኸሪያ ወረድኩ። ዋለ አየኝና ሳቀ።

«ጣቢታ፣ ሙሽራሽ ዛሬ ከእኔ ዘንድ ነበር። የድሮውን ያህል ገዛ።»

ፊቱን በጥፊ አልኩትና ወደ ሽብሩ ሮጥኩ። ሰውነቱ ያንን መጠን ረስቷል፤ የድሮው አሁን ይገድለዋል።

ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመዋል። እናቱ እትዬ አስናቀች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በይ፣ ተኝቷል። ከጦሩ ከመጣ እንዲህ ተኝቶልኝ አያውቅም። አትቀስቅሱት ብያለሁ።»

ከውስጥ ያንኮራፋል። የእንቅልፍ ማንኮራፋት አይደለም፤ እየታፈነ ነው። ገፍቻቸው ገባሁ። ከንፈሩ ጠቁሯል። በጥፊ መታሁት፣ ደረቱን በጡጫ ፈተግሁት። ማንኮራፋቱ ቆመ፤ ትንፋሹም አብሮ ቆመ። አንገቱን አቀናሁ፣ አፍንጫውን ያዝኩ፣ አፌን አፉ ላይ ገጥሜ ነፋሁ። በሽማግሌ ፊት፣ ገና ሳልዳር።

«ልጄን ገደለችው» ብለው እትዬ አስናቀች ዱላ አነሡ።

ዱላው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ እነፋለሁ፤ ደግሞ ሲያርፍ ደግሞ እነፋለሁ። ብዞር ይሞታል፤ አልዞርኩም። ደሜ በቀሚሴ ሲወርድ ይሰማኛል። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ኃይለሚካኤል፣ ዱላውን ነጠቋቸው።

«ተይ አስናቀች። ደረቱን እዪው፤ እየተነፈሰ ነው።»

ሽብሩ እንደነቃ በቡጢ አፌን መታኝ። ከዚያ ማን እንደሆንኩ አየ። እጁን ሰበሰበ።

«ለምን?» አልኩት ደሜን እየተፋሁ።

«እግሬ ነደደኝ። ዛሬን እንኳ ሳልንቀጠቀጥ ልዋል ብዬ ነው።» ከትራሱ ሥር የቀረውን ብልቃጥ አወጣና እጄ ላይ አኖረው። «ብቻዬን ስሆን ነው የምወጋው ጣቢታ። ብቻዬን አትተዪኝ።»

ብልቃጡን ወለሉ ላይ ከስክሼ በጫማዬ ረገጥኩት። «አልተውህም» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ቆመው ይሰማሉ።

ዳምቦያ ስንደርስ አባቴ ያበጠ ከንፈሬን አይቶ ሽማግሌዎቹን ትቶ እኔን ጠየቀኝ።

«ይህ ሰው ነገ ደግሞ መርፌውን ቢወጋስ?»

«ነገም እመታዋለሁ አባባ። ነገም እነፋበታለሁ።»

«በቃ፣ አንቺው ያዢው» አለ።

ተጋባን። ከዚያም በኋላ ወድቆ ያውቃል፤ ግን ተደብቆ አይደለም፣ መጥቶ «እሰሪኝ» ይለኛል። እትዬ አስናቀች ጀርባዬን ቅቤ እየቀቡ ብዙ አለቀሱ። ዛሬም ሽብሩ ቀን ላይ ጋደም ካለ በዝምታ አይተዉትም። ሥራቸውን ጥለው ይመጡና ትከሻውን ይወዘውዙታል።

«ሽብሩ፣ ተነሥ እስቲ፣ አንድ ነገር በለኝ» ይሉታል።

«አለሁ እማዬ» ይላቸዋል።