ሁለት ቀዳዳ ለአንድ ዳገት

መጀመሪያ ያየሁት እሱን አይደለም፤ የሞተር ሳይክሉን ካንዴላ ነው። ፈትቼ ሳወጣው እሳት የሚጭርበት ጫፉ እንደ ጠመኔ ነጥቷል።

«ማነው የዚህ ጉደኛ ሞተር ባለቤት?» ብዬ ጮህኩ።

በሩ ላይ የቆመ ረጅም ሰው እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። አንገቱ ከመርዘሙ የተነሣ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ወደ ጋራዣችን ለመግባት ጎንበስ ማለት ነበረበት። እዚያው በሆዴ ቀጭኔ አልኩት፤ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም በዚሁ ስም ጠራው።

«እህቴ፣ ችግር አለው እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለው! ሦስት ቀን ብትነዳው ፒስቶኑ ይቀልጥና አንተንም ይዞ ገደል ይገባል። ከዚያ በኋላማ ምን ችግር አለ?»

ሳቀ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም፤ ግን አሳሳቁ ደስ አለኝና በራሴ ተናደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጓደኛው ጋር ሆኖ ትልቅ ፒስቶን ገጥሞለታል፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታውን አሳጥሮታል፤ የአየር ማጣሪያውን በሰፊ ቀይሮታል። የሚገባው አየር ጨመረ፤ ቤንዚኑ ግን በድሮው ልክ ነበር የሚመጣው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር በገዛ ሙቀቱ ይቃጠላል። የበዛበት ደግሞ ይታፈናል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ልኩ የሚገኘው ቤንዚንና አየር በሚቀላቀሉበት ካርቡራተር ውስጥ ያለችውን፣ እኛ ቀዳዳ የምንላትን የነሐስ ቁራጭ በመቀያየር ነው። ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ቁጥር ተጽፎባታል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቤንዚኑ ይጨምራል።

በእኛ ጋራዥ ይህን ቁጥር የሚመርጠው አባቴ ብቻ ነው። የእኔ ድርሻ ጎማ፣ ፍሬንና እጥበት ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ዳገት ላይ ሞተሩ ድንገት ቀጥ ብሎበት ወድቋል፤ ቀኝ እግሩ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለው፦ «ይብዛ! ጥቁር ካንዴላ ሰው ገድሎ አያውቅም።»

ለቀጭኔም ይህንኑ ፈረደለት።

«ጋሼ፣ ከበዛበትማ ዳገቱን አይወጣልኝም» አለ ቀጭኔ፤ ጉዳዩንም ነገረን። ተራራው ጫፍ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ በየቀኑ በበረዶ የታሸገ መድኃኒት የሚያደርስለት ሰው ይፈልጋል። በረዶው ሳይቀልጥ በአርባ ደቂቃ መድረስ ግድ ነው። ፈተናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ነበር። ካላለፈ፣ ሩቅ ከተማ ያለው አጎቱ የጭነት መኪና ረዳት ሊያደርገው ይጠብቀዋል።

«ታዲያ አጎትህ ዘንድ ሂዳ!» አለ አባቴ። «ቢያንስ ከነነፍስህ ትደርሳለህ።»

«እኔ እሞክርለታለሁ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

አባቴ ዞሮ ትክ ብሎ አየኝ። «ከሥራ ሰዓት ውጪ እንዳሻሽ። ከእኔ ቁጥር በታች ግን እንዳታወርጂ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ እንደወጣሁ፣ ቀዳዳዎቹን በቆርቆሮ ሣጥን ይዤ ከኋላው መፈናጠጥ ሆነ። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይነዳና ሞተሩን ድንገት ያጠፋል። ዳር ይዘን እንቆማለን፤ ካንዴላውን ፈትቼ አወጣለሁ። ከነጣ ቁጥር እጨምራለሁ፤ ከጠቆረ፣ ከአባቴ ቁጥር በታችም ቢሆን፣ በድብቅ እቀንሳለሁ። በአራተኛው ቀን ካንዴላው የገል ቀለም ይዞ ወጣ።

«ይኸውልህ! ልኩ ይሄ ነው!» አልኩት።

«የቱ ጋ?» ብሎ አጎነበሰ። ጉንጩ ጉንጬን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ካንዴላውን አይተን ከጨረስን ቆየን፤ ሆኖም ሁለታችንም ቀና አላልንም።

ደስታችን ግን ተራራው ጫፍ እስክንደርስ ነበር። ታች ገል የመሰለው ካንዴላ፣ እላይ ስንደርስ ከሰል ሆኖ ወጣ። ሞተሩም ያነጥሰው ጀመር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ለላይኛው የምትስማማው ትንሿ ቀዳዳ ታች ሞተሩን ታቃጥላለች። ለታችኛው የምትስማማው ትልቋ ላይ ታንቀዋለች።

«በቃ አንዷን ምረጪ» አለኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ቀዳዳዎች በእጄ እያገላበጥኩ አሰብኩ። እሱም አልነዘነዘኝም። ከወንድ ሁሉ፣ ዝም ስል ዝም የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።

«ሁለቱንም እመርጣለሁ» አልኩ በመጨረሻ። «የመንገዱ እኩሌታ ላይ ቆመን እንቀይራታለን።»

«በፈተናው ቀን? አብደሻል?»

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃለህ አይደል? ከአንተው ነው የተማርኩት!»

እኩሌታው ላይ መንገዱ ታጥፎ ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ ልምምድ ጀመርን። ቤንዚኑን መዝጋት፣ ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ቡሎን መፍታት፣ ቀዳዳዋን ማውጣት፣ ሌላዋን ማሰር። የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብን፤ ያውም ቀዳዳዋ ሣር ውስጥ ጠፍታ በጉልበታችን ከዳከርንበት ሌላ ነው። በማግስቱ የጋለው ብረት ጣቴን ጠበሰኝ። እጄን ይዞ እፍ እፍ አለልኝ።

«ተወው፣ ለምጄዋለሁ» አልኩት። እጄን ግን አልሳብኩም።

ረቡዕ ሦስት ደቂቃ ደረስን። ሐሙስ ግን ሜዳው ላይ ቆሜ ስጠብቀው፣ በመታጠፊያው ሞተሩን አጋድሞ የገደሉን አፍ ታክኮ ሲመጣ አየሁት። የአባቴ እግር ትዝ አለኝ። ያን ዕለት ፍሬኑን እንዳይለት ሞተሩን ጋራዥ ትቶልኝ ሲሄድ፣ የእኔን ቀዳዳ አውጥቼ የአባቴን ቁጥር አሰርኩበት። ለቀጭኔ ትንፍሽ አላልኩም።

ዓርብ የመጨረሻውን ሙከራ ብቻውን ወጣ፤ እኩሌታው ላይም ቀዳዳዋን ራሱ ሲቀይር ቁጥሯን አየ። አርባ ሰባት ደቂቃ ፈጀበት። ጋራዥ ተመልሶ አልጮኸብኝም። ካንዴላውን ራሱ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ጥቁር ነበር።

«አባትሽ ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስለምወድህ ነዋ!» አልኩት፤ ድምፄ ጋራዡን ሞላው። «እንድትሞትብኝ አልፈልግም! አሁን ደስ አለህ?»

ፊቱ ቀላ፣ ጠቆረ። «ከወደድሽኝ ለምን ወደ አጎቴ ትሰጂኛለሽ?» አለኝ።

ጣቴን የካንዴላው ጥላሸት ላይ አሻሸሁ።

«ፈራሁ ብትዪኝ እሰማሽ ነበር። ተደብቀሽ ስትቀይሪብኝ ግን፣ ከእንግዲህ የማንን እጅ ልመን?» ቁልፉን ካንዴላው አጠገብ አኖረው። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ወይ እንደነበረች አድርጊያት፣ ወይ ፊት ለፊት ሂድ በይኝ።»

እሱ ሲወጣ አባቴ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለ። ሁሉን ሰምቷል።

«ደግ አደረግሽ» አለኝ።

ከቀጭኔ ወቀሳ ይልቅ ያመመኝ ይህ ምስጋና ነበር።

«አባዬ፣ ያኔ ስትወድቅ ካንዴላህን ፈትተህ አይተኸው ነበር?»

«እግሬ ተሰብሮ ካንዴላ ላይ? ምን ነካሽ?»

«በኋላስ?»

«በኋላማ ሸጥኩት። ዓይኑን ማየት አስጠላኝ።»

«ታዲያ ቤንዚን አንሶት መሆኑን በምን አወቅክ?»

አባቴ በጨርቅ ንጹሕ እጁን ይጠርግ ጀመር።

«ሰው ምክንያት ይፈልጋል፣ ልጄ» አለ ዝግ ብሎ። «ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ግን እኔ ካንዴላውን እያየሁ ነው። ነገ ከቁጥርህ በታች አወርዳለሁ። እንድታውቀው ነው እንጂ ላስፈቅድህ አይደለም።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ እያነከሰ ወደ በሩ ሄደና ሳይዞር፣ «ቡሎኑን ደህና አድርገሽ አጥብቂው» አለኝ።

ጠዋት ቀጭኔ ሲመጣ ሞተሩ ተዘጋጅቶ ቆሟል።

«ትልቋ ገብታለች፤ ትንሿ እኔ ጋ ናት» አልኩት። «አሁንም እፈራለሁ። ይኸው ነገርኩህ።»

«ሰማሁሽ» አለ። መድኃኒቱን ሊያስጭን ሄደ።

ቀድሜ በመኪና ተሳፍሬ ሜዳው ላይ ወረድኩ። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ድምፁ መጣ። ሲቆም እሱ ቤንዚኑን ዘጋ፤ እኔ ፈታሁ፣ አወጣሁ፣ አሰርኩ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ «ሂድ!» አልኩት፤ ሄደ።

ድምፁን በጆሮዬ ተከትዬው ወጣሁ። አልታነቀም፣ አላነጠሰም፤ እየራቀ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ሰዓቴን ሃምሳ ጊዜ ሳላየው አልቀረሁም።

ሲመለስ ቀስ ብሎ እየነዳ ነው። ፊቱን ማንበብ አቃተኝ።

«ስንት?»

«ሠላሳ ስምንት።»

እልል ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ረጅም ነውና ተንጠለጠልኩ ቢባል ይሻላል። እሱም አጥብቆ ያዘኝ።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለኝ፣ ገና አቅፎኝ እያለ። «ኃላፊው፣ ‹ስትወጣ አንዴ፣ ስትወርድ አንዴ፣ በየቀኑ ማን ሊቀይርልህ ነው?› ብሎ አፋጠጠኝ።»

«ምን አልከው?»

«ሚስቴ አልኩት።»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ተራራው ጫፍ ሆኜ እንዴት ልጠይቅሽ? ይኸው ወርጄ ጠየቅኩሽ።»

ትንሽ ላንገላታው አስቤ ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

«እሺ» አልኩት። «እዚህ ሜዳ ላይ ግን የራሴን ጋራዥ እከፍታለሁ። ወጪ ወራጁ ሁሉ ደንበኛዬ ነው። አንተም ወረፋህን ትጠብቃለህ።»

«ባልሽ ሆኜ?»

«ባሌም ብትሆን!»

ካቻቢቴውን አቀበለኝ። ለመውረጃው ትልቋን አሰርኩለትና ከኋላው ተፈናጥጬ፣ ለአባቴ ልንነግረው ወረድን።